የመምህሩ ዛፍ

ክፉ ነገር የሚመጣው ከክፉ ሰው ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርሁ። በልጅነቴ በገባሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ግብረ ገብ፥ ሌባ ጎረቤቱን ይጎዳል፥ ሐሰተኛ ወዳጁን ያጣል፥ ሰነፍ ይራባል፥ ቅንና ትጉህ ሰው ግን ለራሱም ለአገሩም በረከት ይሆናል የሚል ነበር። ይህነኑ ተቀብዬ ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ልጆችን ሳስተምር ኖርሁ። ትምህርቱ ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። የጎደለውን ያገኘሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በስድሳ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ከልጅ ልጄ አጠገብ በተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ በታች የምነግርህ ነገር ለእኔ ክብር የሚጨምር አይደለም። ነገር ግን ሽማግሌ የሠራውን ስሕተት ሰውሮ ምክሩን ብቻ ቢያወርስ፥ መንገዱን አሳይቶ ጉድጓዱን እንደሚደብቅ መሪ ይሆናል። ስለዚህ ታሪኩን ከነነውሩ ጽፌልሃለሁ።

አስቀድመን ስፍራውን እንወቅ። አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። ከዚያም በቆቃና በወንጂ፥ በመተሐራ፥ በአሚባራና በገዋኔ፥ በዱብቲና በአሳይታ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ዓባይ ሱዳንንና ግብጽን አጠጥቶ ባሕር ይገባል፤ ዋቢ ሸበሌም ወደ ሶማልያ ይወርዳል። አዋሽ ግን ባሕር ሳያይ የሚቀር ወንዝ ነው። አሳይታን ካለፈ በኋላ ጋማሪና አፋምቦ ወደተባሉት ሐይቆች ይደርሳል፤ በመጨረሻም በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በጨዋማው በአቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። የአፋምቦ ወረዳ እንግዲህ በዚህ በወንዙ ጅራት ላይ የተቀመጠ ነው። በራስጌ የተሠራው በጎም ሆነ ክፉ፥ ውሎ አድሮ ወደ አፋምቦ ይወርዳል።

እኔ ወደዚያ የሄድሁት በ1978 ዓ.ም. በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የ1977ቱ ረኃብ ገና ከዓይናችን አልጠፋም ነበር። ወሎ ውስጥ ሰው በየመንገዱ ዳር ሲወድቅ አይቼ ስለ ነበር፥ ለዚህች አገር አንድ በጎ ነገር ሳልሠራ እንዳልሞት ለራሴ ምዬ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሁለት ክፍልና አንዲት የመምህር ጎጆ ነበረው። ግቢው ጥላ የሌለበት ሜዳ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አሸዋው እግር ያቃጥላል። ተማሪዎቼ የአርብቶ አደር ልጆች ስለ ነበሩ ከብቱ ወደ ሄደበት ይሄዳሉ፤ ቁጥራቸው እንደ ወንዙ አንድ ጊዜ ይሞላል፥ አንድ ጊዜ ይጎድላል።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በየቅዳሜው ዛፍ እንተክል ነበር። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ፥ ዛፍ የተከለ ሰው ገና ያልተወለዱትን ይጠቅማል ይሉን ነበር። ስለዚህ በዚያ ዓመት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጭነት መኪና ችግኝ ልኮ፥ «ይህ በረሃውን የሚያቆም ዛፍ ነው፤ ያለ ብዙ ውሃ ይበቅላል» ሲለኝ ከደስታዬ ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የዛፉ ስም ፕሮሶፒስ ይባላል። የትውልድ አገሩ መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ነው። ተማሪዎቼን አሰልፌ ሁለት መቶ አርባ ችግኝ በግቢው ዙሪያና በከብቱ መንገድ ዳር ተከልን።

በዚያ ቀን አንድ ሽማግሌ ጥቂት ከብቶች እየነዱ መጡና በበትራቸው ተደግፈው ሥራችንን ተመለከቱ። በአፋር ሕዝብ ዘንድ ዳጉ የሚባል ሥርዓት አለ። ሁለት ሰዎች በመንገድ ሲገናኙ ቸኩለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ስለ ሣር፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ከብት፥ ስለ ሰው ጤንነትና ስለ ሰላም ይጠያየቃሉ። እያንዳንዱም በዓይኑ ያየውን ከሰው ከሰማው ለይቶ ይናገራል። በዳጉ ሐሰት መናገር ታላቅ ነውር ነው፤ በዚያ ወሬ ተማምኖ ከብቱን ወደ በረሃ የሚነዳ ሰው አለና።

ሽማግሌው፥ «ልጄ፥ ቁጭ በልና ዳጉ እንለዋወጥ» አሉኝ። አንዱ ተማሪ ያስተረጉም ነበር፤ እርሱም የሽማግሌው ልጅ ነበር። እኔ ግን ዶማዬን እንደ ያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ሽማግሌውም ሦስት ነገር ጠየቁኝ። «ይህ ዛፍ በመጣበት አገር ከብት አርቢ አለ? ፍሬውን የበላ ከብት ምን ይሆናል? ከበዛስ ማን ያቆመዋል?»

እኔም፥ «አባቴ፥ ይህ በሳይንስ የተመረመረ ዛፍ ነው። ለከብትዎ መኖ፥ ለቤትዎ ማገዶ ይሆናል። ምንም ጉዳት የለውም» ብዬ መለስሁ።

እውነቱን ለመናገር፥ ስለዚያ ዛፍ አንዲት መስመር አላነበብሁም ነበር። ከጭነት መኪናው ጋር ከመጣው ሰው አፍ ከሰማሁት በቀር የማውቀው አልነበረም። የሰማሁትን እንዳየሁት አድርጌ ተናገርሁ። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «እንግዲህ መምህር ካለ ይሁን» ብለው ከብቶቻቸውን ነዱ። በማግስቱ በክፍል ውስጥ ለልጆቹ፥ «እንዲህ ያለው ጥርጣሬ የድንቁርና ፍሬ ነው፤ እናንተ ግን የተማራችሁ ሁኑ» ብዬ አስተማርሁ። የሽማግሌው ልጅ በፊተኛው ረድፍ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

ዛፉ እንደ ተባለው በቀለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ልጆቹ ከጥላው ሥር ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ለጉብኝት የመጡ ሹማምንት አጨበጨቡልኝ፤ የምስጋና ወረቀትም ተሰጠኝ። በ1984 ዓ.ም. ወደ ደጋ ስዛወር ከአጥሩ ውጪ እኛ ያልተከልናቸው ብዙ ቡቃያዎች አይቼ፥ «እነሆ፥ በጎ ሥራ ራሱን ያባዛል» ብዬ ተማሪዎቼን ተሰናበትሁ። የምስጋናውን ወረቀት በመስተዋት አስገብቼ በደሴ በቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ተሰቅሎ ኖረ።

በ2017 ዓ.ም. የልጅ ልጄ በሰመራ ባለው ዩኒቨርሲቲ ተመደበች። ሙቀቱን እንዳትፈራ ብዬ በኮምቦልቻ፥ በባቲና በሚሌ በኩል አብሬአት ወረድሁ። ለጀማሪዎች የሚሰጥ አንድ የአካባቢ ሳይንስና የዘላቂነት መግቢያ ትምህርት እንዳለባት ስትነግረኝ፥ ጡረተኛ መምህር የክፍል ሽታ ይናፍቀዋልና አስተማሪውን ለመንሁት። አስተማሪው ወጣት የአፋር ተወላጅ ነው። «አባባ፥ መምህር ከሆኑማ ባለ ቤት ነዎት እንጂ እንግዳ አይደሉም» ብሎ አስገባኝ።

እኔ የጠበቅሁት የዛፍና የአራዊት ስም መዘርዘር ነበር። እርሱ ግን በሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ጠማማ መስመር ሳበ። «ይህ አዋሽ ነው። እያንዳንዳችሁ ቤታችሁን በዚህ መስመር አጠገብ አኑሩ፤ ከዚያም ቤታችሁ ለወንዙ ምን እንደሚሰጠው ንገሩን» አለ።

ከጊንጪ ወዲያ የመጣ ልጅ፥ አባቱ ተዳፋቱን እስከ ጫፉ እንደሚያርሱና በየክረምቱ አፈሩ ቀልቶ እንደሚወርድ ተናገረ። አስተማሪውም ያ አፈር ወደ ቆቃ እንደሚገባ፥ በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብም ከውሃ መያዣው ከፊሉን ለደለል እንደ ለቀቀ አስረዳ። ግድቡ የተመረቀበት ዓመት እኔ የተወለድሁበት ዓመት ነው፤ ሁለታችንም እንደ አረጀን አሰብሁ። የአዲስ አበባዋ ልጅ ስለ አቃቂ ወንዝ ተናገረች፤ የከተማው ቆሻሻና የፋብሪካው ፍሳሽ በአቃቂ አልፎ አዋሽ ይገባል። የሞጆው ልጅ ስለ ቆዳ ፋብሪካዎች፥ የመተሐራው ስለ ሸንኮራ አገዳና ስለ ማዳበሪያ ተናገሩ። በመጨረሻ ከአሳይታ በታች የመጣች አንዲት ዝምተኛ ልጅ ተነሣች። «የእኛ ቤት በመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከእኛ በታች የምንሰጠው ሰው የለም» አለችና ተቀመጠች። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲያ በተከታተልኋቸው ሰዓቶች የተማርሁትን ባጭሩ ልንገርህ። የመጀመሪያው፥ በዓለም ላይ የሚጣል ነገር የለም፤ ቦታ የሚለውጥ እንጂ። ቆሻሻን ወደ ወንዝ የጣልህ ሲመስልህ ወደ ሌላ ሰው ጽዋ ማዛወርህ ነው። ሁለተኛው፥ ሣርና ውሃ፥ ከብትና ዛፍ፥ ሰውና ገበያ በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ አንዱን ስትስብ ሌላው ይንቀሳቀሳል። ሦስተኛው ዘላቂነት የሚሉት ነው። በኖርዌይዋ ጠቅላይ ሚኒስትር በግሮ ሃርለም ብሩንድትላንድ ሰብሳቢነት የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በዓለም አሰራጨው፤ ይኸውም የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ትውልድ ድርሻ አይውሰድ ማለት ነው። አስተማሪው ግን ለአፋር ልጆች እንዲህ ብሎ ተረጐመው፤ «ላሟን እለቡ፤ ለጥጃዋ አስቀሩላት፤ ላሟን ራሷን ግን አትብሏት።»

ደግሞም አስተማሪው ሚዛኑን የሚጠብቅ ሰው ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ እንደ ጀመረ፥ የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን በ1954 ዓ.ም. እንደ ተቋቋመ፥ ከዚያም በሸለቆው የጥጥና የአገዳ እርሻ እንደ ተስፋፋ ተረከ። «ስኳሩን በልተናል፤ መብራቱን አብርተናል፤ ብዙ ሰው ደመወዝ አግኝቶበታል» አለ። ቀጥሎም የሒሳቡን ሌላ ገጽ ገለጠ። ለእርሻ የተወሰደው የወንዝ ዳር መሬት ባዶ አልነበረም። አፋሮች ዝናብ ሲጠፋ ከብታቸውን የሚያሸሹበት የበጋ ግጦሽ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ የሚሸሹበት ስፍራ በመጥበቡ ብዙ ከብትና ብዙ ሰው አለቀ። የእርሻውን ፕላን የነደፉ ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። መሬቱን በዝናብ ወራት አይተው ማንም የለበትም ብለው ጻፉ እንጂ፥ በበጋ ማን እንደሚመጣበት አልጠየቁም።

ይህን ስሰማ ራሴን እየነቀነቅሁ፥ «እንዴት አይጠይቁም!» እል ነበር።

በሌላ ቀን አስተማሪው ስለ ጥንቸል አወራ። እ.ኤ.አ. በ1859 አንድ ሰው ለአደን መጫወቻ እንዲሆኑት ከእንግሊዝ አገር ሃያ አራት ጥንቸሎች አስመጥቶ በአውስትራሊያ በርስቱ ላይ ለቀቀ። ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሳያልፉ ጥንቸሉ አገሩን አጥለቀለቀው፤ ሣሩን በልቶ ጨረሰው። የምዕራብ አውስትራሊያ መንግሥት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ አጥር ቢያጥርም ሊያግደው አልቻለም። እኔ ከተማሪዎቹ ጋር ሳቅሁ። «ምን ያለ ሞኝ ሰው ነው!» ብዬ ለልጅ ልጄ ሹክ አልኋት።

አስተማሪውም ከኪሱ አንድ ቢጫ ረጅም ፍሬ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ አኖረ። ወዲያውኑ አወቅሁት።

ነቢዩ ናታን ስለ ድሃው ሰው ጠቦት ለንጉሥ ዳዊት ሲነግረው፥ ንጉሡ በሌላ ሰው ላይ የፈረደ መስሎት በራሱ ላይ እንደ ፈረደ በልጅነቴ ተምሬአለሁ። በዚያች ሰዓት የዳዊት ፊት ምን መስሎ እንደ ነበር ዐወቅሁ።

አስተማሪው ማስረዳቱን ቀጠለ። የፕሮሶፒስ ፍሬ ጣፋጭ ስለሆነ ከብትም ፍየልም ግመልም ይወደዋል። ሥጋው ይፈጫል፤ ዘሩ ግን ሳይሰበር በእበቱ ይወጣል። እንስሳው በሄደበት ሁሉ ዘሩ ከነማዳበሪያው ተተከለ ማለት ነው። ጎርፍም ይዞት ይወርዳል። ሥሩ ጠልቆ ውሃ ይፈልጋል፤ ግንዱ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። እሾሁ የከብት ኮቴ ይወጋል፥ የመኪና ጎማ ያፈነዳል። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ፍሬውን ያለ ልክ የበላ ከብት ጥርሱ ይበላሻል፥ ሆዱ ይታመማል። ይህ ዛፍ በአፋር ምድር ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሸፍኗል። የአፋር ሰዎች አንዳንዶቹ የደርግ ዛፍ፥ ሌሎቹ ወያኔ ይሉታል፤ ሰው ለመከራው በጊዜው የነበረውን መንግሥት ስም ይሰጠዋልና።

አንድ ተማሪ፥ «እንግዲህ ከውጭ አገር የመጣ ዛፍ ሁሉ ክፉ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አይደለም» አለ አስተማሪው። «በቆሎና በርበሬ ከአሜሪካ የመጡ እንግዶች ናቸው፤ ያለ በርበሬ ወጥ የሚጥመው ማን አለ? ባሕር ዛፍም ከአውስትራሊያ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መጥቶ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗል። ይሁን እንጂ በምንጭ አጠገብ ሲተከል ውሃውን ይጠጣል። ነገሩ እንግድነቱ አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ጠባዩን ሳይጠይቁ የጎተራውን ቁልፍ መስጠት ነው ጥፋቱ።»

ትምህርቱ ሲያበቃ ተማሪዎቹ ወጡ፤ እኔ ግን ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። አስተማሪው መጥቶ፥ «አባባ፥ ሙቀቱ ከበደዎት?» አለኝ። ሁሉንም ነገርሁት፤ ሁለት መቶ አርባውን ችግኝ፥ ሽማግሌውን፥ ሦስቱን ጥያቄዎች። ያጽናናኛል ብዬ ነበር፤ ዝም አለ። ቆይቶ፥ «ዛፉ ያለ እርስዎም ይመጣ ነበር፤ በብዙ ቦታ ተተክሏል፥ በወንዙም ወርዷል» አለ። «ቢሆንም ይህን እኔ ልነግርዎት አይገባም። በሚመጣው ሳምንት ተማሪዎቹን ወደ አፋምቦ እወስዳለሁ። አብረውን ይምጡ።»

ሄድሁ። በአሳይታ አልፈን ስንወርድ የማውቀውን ሜዳ ፈለግሁት፤ አጣሁት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ግድግዳ ቆሟል። ከሩቅ ላየው ሰው ገነት ይመስላል። ልጅ ሳለሁ አረንጓዴ ሁሉ በጎ ይመስለኝ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አረንጓዴ በረሃ አየሁ። ፍየሎች በእሾሁ መካከል ጠባብ መንገድ እየፈለጉ ያልፋሉ። ሣር የለም።

የቀድሞውን የትምህርት ቤት ግቢ ለማግኘት አንድ እረኛ ጠየቅን። ልጁ በእጁ እያመለከተ፥ «ከመምህሩ ዛፍ አጠገብ ነው» አለ። አስተማሪው በአማርኛ ሲያስተረጉምልኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በሌላው አገር በመንግሥት ስም የሚጠራው ዛፍ በዚያ ቀበሌ በእኔ ስም ይጠራል።

ሽማግሌው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው፥ ያ በፊተኛው ረድፍ ይቀመጥ የነበረው ተማሪዬ፥ ጢሙ ሸብቶ ከቤቱ ደጅ ተቀምጦ አገኘሁት። ተነሥቶ እጄን ሳመ፤ እጄን ሲስመኝ አፈርሁ። አሁን ግን ሳልባል ቁጭ አልሁ። ስለ ሣር፥ ስለ ውሃ፥ ስለ ከብት፥ ስለ ሰው ጤንነት በሥርዓቱ ጠየቅሁት። እርሱም በሥርዓቱ መለሰልኝ። አባቱ ከአርባ በላይ ከብት ነበራቸው፤ እርሱ ዛሬ ያለው ጥቂት ፍየል ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰው ሲያፈናቅል እነርሱም ተፈናቅለው ነበር። ውሃው ሲጎድል ትቶት የሄደው ደለል በዚያ ዛፍ ቡቃያ ተሸፈነ።

«ይቅር በለኝ። አባትህ ጠየቁኝ፤ እኔ ያላወቅሁትን እንዳወቅሁ አድርጌ መለስሁላቸው» አልሁት።

እርሱም ጥቂት አሰበና እንዲህ አለኝ። «መምህር፥ ከብቱን ያጠፋው ዛፉ ብቻ አይደለም፤ ድርቁም፥ እርሻውም፥ ጎርፉም አለበት። ስለ ዛፉ አልቀየምህም። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው። በማግስቱ በክፍል ውስጥ የአባቴን ጥያቄ ድንቁርና ነው አልኸን። እኔም አመንሁህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ስለ ሣርና ስለ ከብት ሲያስተምረኝ በግማሽ ጆሮዬ ነበር የምሰማው። የሚያውቀውን ሁሉ ሳልጠይቀው ሞተ።»

ለዚህ የምመልሰው ቃል አልነበረኝም። እስከ ዛሬም የለኝም። ሁለት መቶ አርባ ዛፍ የተከልሁት በአንድ ቀን ነው፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከአባትና ከልጅ መካከል አንድ የዕውቀት ቤት አፈረስሁ። ዛፉን በዶማ መንቀል ይቻላል፤ ይህን ግን በምን ይነቅሉታል?

ተማሪዬ ሻይ አጠጣኝ። ከዚያም፥ «ካሣ የምትከፍል ከሆነ ነገ ለልጆቹ ራስህ ንገራቸው» አለኝ። በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ልጆችና በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ፊት ቆሜ ታሪኩን በሙሉ ተናገርሁ። ልጆቹ ሲሰሙ አልሳቁም። ከዚያ በኋላ ሥራ ያዝን። ትልቁ ዛፍ ተቆርጦ ብቻ እንደማይሞት፥ ጉቶውን ከአፈር በታች ቆፍሮ ማውጣት እንደሚያስፈልግ፥ ቡቃያውን ግን በሕፃንነቱ በእጅ መንቀል እንደሚቻል ተማርን። ፍሬው ተለቅሞ ከነዘሩ ቢፈጭ ዘሩ ስለሚሞት፥ ዱቄቱ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ለከብት ይሆናል። እንጨቱ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል፤ ነገር ግን በዚያ ሰበብ የአገሩ ግራር እንዳይቆረጥ ጠባቂ ያሻል። የጸዳው መሬት ወዲያው ሣር ወይም እህል ካልተዘራበት ዛፉ ይመለሳል። ሦስት ቀን ነቀልሁ። በሦስቱ ቀን ያጸዳነው አንድ የእህል አውድማ የሚያህል ነበር። መዳፌ ቆሰለ። ተማሪዬ አይቶ፥ «የአባቴ ከብት መተኛ እዚህ ነበር» አለኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ዛፍ አትትከል የሚል ምክር እንዳትወስድ። አገራችን ዛፍ ያስፈልጋታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ በአገሩ ሁሉ ችግኝ ሲተከል አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። ችግኙን ከመሬት ከማኖርህ በፊት ግን ጥቂት ቁም። ምን ዓይነት ዛፍ ነው? ከየት መጣ? እዚህ የሚኖረው ሰው ምን ይላል? የሚንከባከበው ማን ነው? ዛሬ የምሠራው ነገር በሃያ ዓመት በማን ደጅ ይወርዳል? ይህን መጠየቅ ለዛፍ ብቻ አይደለም። ግድብ የምትሠራ መሐንዲስ ብትሆን፥ ሕግ የምታወጣ ሹም ብትሆን፥ ማዳበሪያ የምትበትን ገበሬ ብትሆን፥ የመኪናህን ዘይት በቦይ የምትደፋ ባለ ጋራዥ ብትሆን፥ ከአንተ በታች የሚኖር አንድ አፋምቦ አለ። የምታውቀውን ከሰማኸው ለይተህ ተናገር። የማታውቀውን አላውቅም ማለት ለመምህር ውርደት አይደለም፤ ሳያውቁ ማስተማር ነው ውርደቱ። ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፥ ነገርን ከሥሩ ለማግኘት ሥሩ አጠገብ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፊደል ባይቆጥርም።

ወደ ደሴ ስመለስ የምስጋናውን ወረቀት ከግድግዳው አወረድሁ። ልቀድደው አስቤ ነበር፤ ኋላ ግን ከመስተዋቱ አውጥቼ ገለበጥሁትና በባዶው ጀርባ የሽማግሌውን ሦስት ጥያቄዎች በትልልቅ ፊደል ጻፍሁበት። ለልጅ ልጄም በሰመራ ላክሁላት። ከአልጋዋ በላይ እንደ ሰቀለችው፥ ጓደኞቿም ማን እንደ ጻፈው እንደሚጠይቋት ነግራኛለች። እርስዋም፥ «ጥያቄው የአንድ የአፋምቦ ሽማግሌ ነው፤ አያቴ የጻፈው ዘግይቶ ነው» ብላ ትመልሳለች። እውነቷን ነው። አንተ ግን፥ ወጣት ሆይ፥ ሳትዘገይ ጠይቅ።